ለደነባ ገበሬዎች ከጓሮ ጥራጊ ማዳበሪያ ማበጀትን ስለ ማስተማር

በሰሜን ሸዋ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ደነባ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ምስር የሚታፈስባት የደጋ አገር ናት። የመሬቷም አብዛኛው ክፍል መረሬ የተባለው ጥቁር አፈር ነው፤ ይህም አፈር ክረምት ውሃ የሚያቁርና እግር የሚይዝ፣ በጋ ደግሞ ክንድ እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጣጠቅ ነው። በበጋ ወራት በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ በየቤቱ ደጃፍ በሥርዐት የተከመረ ኩበት ያያል። ያ ክምር ለባለቤቱ ማገዶው ነው፤ ገንዘብ ሲቸግረውም ወደ ገበያ የሚያወጣው ሀብቱ ነው። የእርሻ ባለሙያ ግን ያንኑ ክምር ሲያይ ለማሳው ሊውል የሚገባው ምግብ በምድጃ ሊነድ ተራውን ሲጠብቅ ይታየዋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ገበሬውን ከአካባቢው ጥራጊ ማዳበሪያ እንዲያበጅ ለማስተማር የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር ይህ ነው።

ነገሩ የገበሬው ብቻ እንዳይመስል፣ ስለ ንግዱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የፋብሪካ ማዳበሪያ ወደ ኢትዮጵያ ገበሬ በሰፊው መድረስ የጀመረው በ1960 ዓ.ም. ግድም ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የማሳያ እርሻዎች መንገዱን ጠረጉለት። ለብዙ ዓመታት ዳፕና ዩሪያ ሁለቱ ብቻ ሲሠራባቸው ቆይቶ፣ ከ2007 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ድኝ የተጨመረበት ኤንፒኤስ የተባለው በዳፕ እግር ተተካ። ከነዚህም አንዱ እንኳ እስከ ዛሬ ድረስ ከባሕር ማዶ የማይመጣ የለም፤ በጂቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ በካሚዮን ተጭኖ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ አልፎ ነው ደነባ የሚደርሰው። ስለዚህ በዓለም ገበያ የሚሆነው ሁሉ እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ ይሰማል። በጥር ወር 2013 ዓ.ም. የአንድ ቶን ዩሪያ የዓለም ዋጋ ከ300 ዶላር በታች ነበረ፤ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ከ900 ዶላር በላይ ሆነ። ከዚያም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ በ57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ አለፈ። መንግሥት ድጎማ ቢያደርግም ኪሳራው ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያወጣ ፋብሪካ ለመሥራት ውል ተፈርሟል፤ መልካም ዜና ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካው ተሠርቶ ጆንያው ደነባ እስኪደርስ ገበሬው ስንት ክረምት ማረስ እንዳለበት ማሰብ ይገባል።

እንግዲህ ወደ ቤቱ ሀብት እንመለስ። ለምሳሌ ያህል ሁለት በሬ፣ አንዲት ላምና አንዲት ጊደር ያሉትን ገበሬ እንውሰድ። አንድ የአገር ከብት በቀን የሚጥለው እበት ደርቆ ቢመዘን ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ከዚህ ግማሹ በግጦሽ ላይ ቀርቶ ግማሹ በበረት ቢገኝ፣ ከአራቱ ከብቶች በቀን 4 ኪሎ፣ በዓመት 14 ኩንታል ተኩል ገደማ ደረቅ እበት ይሰበሰባል። በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከመቶ አንድ ተኩል ቢሆን 22 ኪሎ ያህል ነው። ዩሪያ ከመቶው 46 ናይትሮጅን ስለ ሆነ፣ የአራቱ ከብቶች የዓመት እበት በናይትሮጅን ረገድ ከግማሽ ኩንታል ዩሪያ ጋር ይተካከላል ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ የሰማ ሰው «እንግዲያው ገበሬው ኩበቱን ማንደዱ ሞኝነት ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። ያንኑ 14 ኩንታል ተኩል ኩበት በማገዶነት ለመተካት ከ12 ኩንታል የማያንስ ደረቅ እንጨት ያስፈልጋልና። ማንም አንባቢ በሚኖርበት አገር ገበያ የግማሽ ኩንታል ዩሪያንና የ12 ኩንታል እንጨትን ዋጋ አስተያይቶ መፍረድ ይችላል። ዛፍ በጎደለበት ደጋ ኩበት የምታነድ ሴት ሒሳቧን አታውቅም የሚላት ሰው፣ ሒሳቡን ያላወቀው እርሱ ራሱ ነው። በሥልጠና ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄም ይኸው ነው። አንዲት እናት ከኋላ ተቀምጠው ሲሰሙ ይቆዩና «ልጄ፣ እበቱን ለጉድጓድ ከሰጠሁት እንጀራዬን በምን ልጋግር ነው?» ይላሉ። ባለሙያው «እናቴ፣ እርሱን በኋላ እንነጋገርበታለን» ብሎ ካለፈ ትምህርቱ በዚያች ሰዓት አልቋል። የቀረው ጊዜ ለወግ ያህል ነው።

ከገንዘቡ ሒሳብ ውጭ የቀሩ ነገሮች ግን አሉ፤ እነርሱም ሚዛኑን ወደ ማሳው የሚያዘነብሉ ናቸው። እበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጢስ ይጠፋል፤ አፈርን የሚያለሰልሰውም አካል አብሮ ይጠፋል። ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ ግን በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ አመድ መጣያ ውስጥ የሚደፋ ነገር አይደለም። የፋብሪካ ማዳበሪያ ለሰብሉ ምግብ ይሰጣል፤ መረሬን አፈር ግን አያላላም፣ ውሃም እንዲያሳልፍ አያደርገውም። የበሰበሰ የተክልና የእበት ቅሬታ ጓሉን ያፈራርሳል፣ አፈሩ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ እንዳይሆን ይረዳል፤ ጥቅሙም በአንድ ዓመት አያልቅም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መኸርም ይታያል። ይህን ሁሉ የጎረቤት ቆላና ወይናደጋ ሰዎች ለጓሮ ጎመናቸውና ለጌሿቸው ያውቁታል፤ የደነባም ሰው ከቤቱ አጠገብ ያለው መሬት ከሩቁ ማሳ ለምን እንደሚበልጥ ቢጠየቅ መልሱ አይጠፋውም። ትምህርቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከቤት አጠገብ ያለውን ልማድ ወደ ማሳ ማውጣት ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸኖ ባለው ብርዳም ደጋ ገበሬዎች አፈሩን በየቦታው ከምረው ከሥሩ ኩበት እያነደዱ የማቃጠል የቆየ ልማድ ነበራቸው። ገብሱ በመጀመሪያው ዓመት ያምራል። ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ ለብዙ ዓመታት ጦም እንዲያድር ግድ ይሆናል። ገበሬው ይህን ያደረገው ሌላ መድኃኒት ስላጣ ነው።

ብስባሽ ማዳበሪያ ወይም በተለመደው አጠራር ኮምፖስት በሳይንስ መልክ የተጻፈው በሕንድ አገር ነው። አልበርት ሐዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የእርሻ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1924 እስከ 1931 በኢንዶር ከተማ ሲሠራ የከብት እበት፣ ገለባና አረም በንብርብር ተከምሮ እየተገላበጠ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥሩ ማዳበሪያ እንደሚሆን አሳየ። ሐዋርድ ከሕንድ ባላገሮች ብዙ እንደ ተማረ አልደበቀም። በአገራችን ደግሞ ከሁሉ የተሻለው ምስክር በትግራይ ይገኛል። በ1988 ዓ.ም. ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ የመሩት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ ግብርና ቢሮና ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በጥቂት መንደሮች ገበሬዎችን ኮምፖስት ማበጀት ማስተማር ጀመረ። ከዚያም በብዙ ወረዳዎች ተስፋፋ። ለብዙ ዓመታት ከገበሬው ማሳ ላይ ምርቱ እየታጨደ ሲመዘን፣ ኮምፖስት የተደረገበት መሬት ምንም ካልተደረገበት እጥፍ ያህል፣ የፋብሪካ ማዳበሪያ ከተደረገበት ጋር ደግሞ እኩል ወይም ጥቂት ብልጫ ያለው ምርት ሰጠ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2007 አትሞታል። የትግራይ መሬት የደነባ መሬት አይደለም፤ ስለዚህ ያው ቁጥር በደነባ ይደገማል ብሎ ለገበሬ መማል አይገባም። መማል የሚቻለው አሠራሩ እንደሚሠራ ብቻ ነው።

አሠራሩን የሚያስተምር ሰው በሜትር ባይናገር ይሻላል፤ ክንድና ስንዝር ሁሉም ይዞት ይዞራልና። ጉድጓዱ ወርዱ 3 ክንድ፣ ርዝመቱ 6 ክንድ፣ ጥልቀቱ 2 ክንድ ይሁን። በታች ውሃና አየር እንዲያሳልፍ የባቄላ አገዳ ወይም ደረቅ ጭራሮ አንድ ስንዝር ያህል ይነጠፋል። በላዩ አንድ ስንዝር ከብት ያልበላው የግርግም ቅራሪና ገለባ፣ ቀጥሎ እርጥብ አረምና ቅጠል፣ ቀጥሎ በውሃ የተበጠበጠ እበት፣ በመጨረሻም እንደ ጨው የተነሰነሰ አመድና አንድ ጣት የማይሞላ የላይ አፈር ይደረጋል። ይህ ንብርብር እየተደጋገመ ከጉድጓዱ አፍ በላይ እንደ ጉብታ እስኪሆን ይሞላል። ሲሞላ ከመካከሉ ረጅም ዘንግ ይተከልበታል፤ ላዩም በጭቃና በገለባ ይመረጋል።

አመዱ ጥቂት ይሁን ማለት ያለ ምክንያት አይደለም። አመድ ከእርጥብ እበትና ከሽንት ጋር በብዛት ከተደባለቀ ናይትሮጅኑን ወደ አየር ያባርረዋል። እበቱም ቢሆን ብዙ አያስፈልግም፤ በዚህ ሥራ እበት የሚሠራው የእርሾን ሥራ ነው፤ ለአንድ ቡሖ አንድ ማሰሮ እርሾ የሚጨምር ባለሙያ የለም። የስንዴ ገለባ ብቻውን ቢከመር ዓመቱን ሙሉ ሳይበሰብስ ይቀመጣል፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ለናይትሮጅኑ 80 እጥፍና ከዚያም በላይ ነውና። የሚያበሰብሱት ደቂቅ ሕዋሳት በደንብ የሚሠሩት ከ25 እስከ 30 እጥፍ በሚሆንበት ጊዜ ነው፤ እርጥብ አረም፣ ሳማ፣ የባቄላ ቅጠል፣ እበትና ሽንት የሚጨመሩትም ወደዚህ ልክ ለማውረድ ነው። ሳማ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ ማንም የማይፈልገው፣ ለዚህ ሥራ ግን ከሁሉ የሚሻል ቅጠል መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ነው።

ስለ ከብት ሽንት አንድ ነገር ይጨመር። ከብት ከሚያወጣው ናይትሮጅን ግማሹ ያህል የሚገኘው በሽንቱ ነው፤ በበረት ወለል ሠርጎ ይቀራል። ማታ ማታ ከከብቱ ሥር ጥቂት የማይበላ ገለባ መነስነስና ጧት ጠርጎ ወደ ክምሩ መውሰድ፣ ከማገዶ አንዳች ሳይቀንስ የሚገኝ ትርፍ ነው። ማገዶዋን ለምትሳሳ ቤት የሚሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ቢሆን ማንም አይቃወምም።

ከተሞላ ከሳምንት በኋላ ዘንጉ ተነቅሎ ይዳሰሳል። ትኩስና ወዛም ከሆነ ሥራው በደህና እየሄደ ነው። ትኩስ ሆኖ ደረቅ ከሆነ ውሃ ይጨመርለታል። ቀዝቃዛና የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶበታል፤ ተገልብጦ አየር ማግኘት አለበት። በጥሩ ክምር ውስጥ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ አብዛኛው የአረም ዘር ይሞታል። የክምሩ ዳርና ዳር ግን ያን ያህል ስለማይሞቅ፣ አረሙን ፍሬ ሳያፈራ ማጨድና ሲገለብጡ ዳሩን ወደ መካከል ማስገባት ይገባል። በወር አንድ ጊዜ ይገለበጣል። በሞቃት አገር በሦስት ወር የሚደርሰው በደነባ ብርድ አራትና አምስት ወር ሊፈልግ ይችላል። የበሰለው ጥቁር፣ የሚፈረፈር፣ ዝናብ ያገኘው የጫካ አፈር የሚሸት ነው፤ ገለባው ገና ገለባ መሆኑ ከታወቀ አልበሰለም።

ከመማሪያ መጻሕፍት የተቀዳ ትምህርት በደነባ የሚሰናከልበት አንድ ትልቅ ቦታ አለ። መጻሕፍቱ «ጉድጓድ ቆፍሩ» ይላሉ። በመረሬ አፈር ላይ በሰኔ የተቆፈረ ጉድጓድ በሐምሌ ኩሬ ነው፤ በውስጡ ያለውም አይበሰብስም፣ ይከረፋል እንጂ። በበጋ ደግሞ አፈሩ ሲሰነጠቅ ግድግዳው ይናዳል። ስለዚህ በመስከረም ማለቂያ ውሃው ሲጎድልና አፈሩ ገና ሳይደነድን፣ ዳገታማና ድንጋያማ ቦታ ተመርጦ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ብርዱንና ነፋሱን ይከላከላልና ለበጋ ይበጃል። ለክረምት ግን ከመሬት በላይ ክምር ተሠርቶ ዙሪያውን ቦይ ይወጣለታል፤ ከላይም ዝናብ እንዳያጥበው በሣር ይከደናል። ከባሕር ዛፍ ሥር አይሁን፤ ቅጠሉ ዘይት ስላለው ለመበስበስ ይዘገያል፣ ሥሩም ውሃውን ይሻማል።

ጊዜውም እንደዚሁ መመረጥ አለበት። በመስከረምና በጥቅምት አረሙ እርጥብ ነው፣ ውሃም በየጉድባው አለ፣ አጨዳውም ገና ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ማንንም ገበሬ ጉድጓድ ሙላ ማለት ከንቱ ነው፤ ያን ጊዜ ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ከውቂያ በኋላ በጥር ሁለተኛው ክምር ይሠራል። ከነዚህ የመጀመሪያው በየካቲት፣ ሁለተኛው በሰኔ ይደርሳል። የመጀመሪያው ከጥላ ሥር ተከድኖ እስከ እርሻ ይቀመጥ፤ ፀሐይና ነፋስ ከመቱት ግማሽ ጥቅሙ ይሄዳል። ወደ ማሳ የተወሰደም የዚያኑ ዕለት ታርሶ ከአፈር ይደባለቅ።

እንግዲህ ስንት ይበቃል? ከላይ የተነገረው ጉድጓድ አራት ተኩል ኪዩቢክ ሜትር ይይዛል፤ ሲበሰብስ በግማሽ ይወርዳል፤ የሚወጣውም ከ10 እስከ 12 ኩንታል ይሆናል። ይህም ለአንድ ጥማድ መሬት፣ ማለት ለሩብ ሄክታር፣ መካከለኛ መጠን ነው። አንድ ጉድጓድ ለአንድ ጥማድ ብሎ ማስተማር በቃል ለመያዝ ይቀላል። ስድስት ጥማድ ያለው ገበሬ በዓመት ስድስት ጉድጓድ ይሙላ ማለት ግን አይቻልም፤ ያን ያህል ጥራጊም ጉልበትም የለውም። በየዓመቱ ሁለት ጥማድ እያዳረሰ በሦስት ዓመት ቢዞር፣ ጥቅሙ ስለሚቆይ የሚያስኬድ ነው።

ጥራጊ የሚለው ቃል ራሱ አሳሳች ነው። በገበሬ ቤት ባለቤት የሌለው ቆሻሻ እምብዛም የለም። የጤፍ ጭድ ለከብትና ለቤት ምርጊት ይፈለጋል፤ የምስር ገለባ ለጥጃ ይቀመጣል፤ አተላ ለላም ይሰጣል። እውነተኛ ትርፍ የሆነው የግርግም ቅራሪ፣ አረም፣ ያረጀ የጣሪያ ክዳን፣ የጓሮ ቅጠል፣ አመድና የቡና አተላ ነው። ከዚህ በላይ ብዙ ጥራጊ የሚገኘው በገበሬው ቤት ሳይሆን በከተማው ነው። ከእህል መጋዘን የሚጠረገው እብቅና ነቀዝ የበላው እህል፣ ከወፍጮ ቤት የሚበነው ዱቄት፣ ከምግብ ቤቶች የሚወጣው ልጣጭና ቅሪት፣ ከገበያ ቦታ የሚጠረገው ፋንድያና ሣር ዛሬ ወይ ይቃጠላል ወይ በየቦዩ ይጣላል። ነጋዴው ይህን ከፌስታል፣ ከባትሪ ድንጋይና ከጠርሙስ ስብርባሪ ለይቶ በአንድ ቦታ ቢያኖር፣ ዕቃውን ሸጦ ባዶ አህያውን እየነዳ የሚመለስ ገበሬ ይጭነዋል። ፌስታልን የሚከለክለው ሕግ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ ነገር ግን ቀድሞ የተበተነው ገና በየማሳው አለ፤ ከብትም በልቶት ይሞታል።

አንዳንድ ነጋዴ «እንግዲያው ኮምፖስት አሠርተን ብንሸጠውስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሒሳቡ እነሆ። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። ደረቅ ኮምፖስት ከመቶ አንድ ቢይዝ፣ ያንኑ ለማግኘት 46 ኩንታል ያስፈልጋል፤ እርጥበቱ ሲታሰብ አንድ ሙሉ አይሱዙ አይበቃውም። የመኪናው ኪራይ ብቻ ትርፉን ይውጠዋል። አትክልት ለሚተክሉ ከከተማ አጠገብ ላሉ ሰዎች ካልሆነ በቀር፣ ይህ ዕቃ በተሠራበት ማሳ ዳር የሚቀር ዕቃ ነው። ለገበሬውም ቢሆን ያው ነው፤ 10 ኩንታል ለማጋዝ አህያ 20 ጊዜ መመላለስ አለባት። ስለዚህ ማሳው ሩቅ ከሆነ ጉድጓዱ በቤት አጠገብ ሳይሆን በማሳው ዳር ይቆፈር። የነጋዴው ጥቅም ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በአካፋው፣ በመንሹ፣ በእጅ ጋሪው፣ በምድጃው፣ ከሁሉም በላይ ወደ መጋዘኑ በሚገባው እህል።

ምድጃ የተባለው በከንቱ አይደለም፤ የእኚያ እናት ጥያቄ ገና አልተመለሰምና። ምርጥ የተባለው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ በግማሽ ገደማ ያድናል። በአንድ ቤት እንጀራ የሚጋገርበት ማገዶ ከሁሉ የሚበዛው ስለ ሆነ፣ በዚህ የሚተርፈው ኩበት ለጉድጓዱ እርሾ ከበቂ በላይ ነው። እንግዲህ «እናቴ፣ ምድጃዎን እናድስ፣ ከተረፈዎት ይስጡን» ማለት ይቻላል። በሸለቆ አፋፍና ለእህል በማይሆን መሬት ባሕር ዛፍ መትከልም የዚሁ ሥራ ክፍል ነው፤ ዐፄ ምኒልክ ይህን ዛፍ ያስመጡት የአዲስ አበባ ማገዶ ስላለቀ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። አራትና ከዚያ በላይ ከብት ላለው፣ አቅሙም ለፈቀደ፣ ባዮጋዝ ሁለቱንም ይሰጣል፤ ጋዙ ይበስልበታል፣ ዝቃጩ ለማሳ ይሆናል፤ ግን የመሥሪያው ወጪ ብዙውን ቤት ይከለክላል።

የመረሬ መሬት ውሃ ካልተነፈሰለት ደግሞ ኮምፖስትም ዩሪያም ሥራቸው ያው ነው፤ ውሃ በተኛበት አፈር ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይጠፋል። በጎረቤት በእነዋሪ ሴቶችና ልጆች በእጃቸው አፈር እያፈሱ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጡበት የቆየ ጥበብ አለ። ከ1978 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በአዲስ አበባ የነበረው ኢልካ የተባለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ ይህንኑ ጥበብ በበሬ በሚጎተት ማረሻ ለመሥራት ሞክሮ ውጤት አገኘበት። ኮምፖስትን የሚያስተምር ሰው ቦይ ማውጣትን ሳያስተምር ቢሄድ ግማሽ ሥራ ሠርቶ ሄደ ማለት ነው።

ስለ ሥልጠናው አሰጣጥ አንድ ነቀፋ መናገር ግድ ነው። ባለፉት ዓመታት በብዙ ወረዳዎች የኮምፖስት ሥራ በዘመቻ ሲካሄድ፣ ለሪፖርት የሚፈለገው የጉድጓድ ቁጥር ነበረ። ገበሬው ቆፈረ፤ ተቆጠረለት፤ ጉድጓዱም ባዶውን ቀርቶ ጥጃ ገባበት። የሠለጠነው ወንዱ ነው፤ እበቱ፣ አመዱና የቤቱ ጥራጊ ያለው ግን በሴቲቱ እጅ ነው። ከባልና ከሚስት አንዱን ብቻ ጠርቶ ማስተማር ከጥማድ በሬ አንዱን ብቻ ጠምዶ ማረስ ነው። በየቀበሌው የገበሬ ማሠልጠኛ ጣቢያና የልማት ሠራተኛ አለ፤ ሥፍራው አልታጣም። የሚጎድለው በወሬ ከማስተማር ወደ እጅ ሥራ መሸጋገር ነው፤ በአንድ መንደር አንድ ክምር በደቦ አብሮ ሠርቶ፣ በየሳምንቱ ዘንጉን አብሮ ዳስሶ፣ ሲበስልም አብሮ ማሽተት። ቀይ ትል እያረቡ ማዳበሪያ ማበጀትም በየቦታው ተጀምሯል፤ ጥሩ ነው፤ ግን ትሉ ብርድና ድርቀት ስለማይችል ክምሩን በሚገባ ለለመደ ሰው ሁለተኛ ትምህርት ይሁን።

ማስረጃው ደግሞ በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ ይሁን። አንድ ጥማድ ስንዴ በአራት ይከፈል፤ ለአንደኛው ኮምፖስት፣ ለሁለተኛው የፋብሪካ ማዳበሪያ በተለመደው ልክ፣ ለሦስተኛው ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ፣ ለአራተኛው ምንም። አራቱም በአንድ ቀን ይዘሩ፣ በአንድ እጅ ይታረሙ። ብዙ ባለሙያዎች ሦስተኛው ያሸንፋል ብለው ይጠብቃሉ፤ ቢሆንም የተጠበቀው ሁሉ በመረሬ ላይ አይሆንምና ይታይ። ከአጨዳ በኋላ የአራቱ ነዶ ሳይቀላቀል በየራሱ ይወቃ፣ በየራሱ ጆንያ ይግባ፤ ጎረቤትም በዓውድማው ተጠርቶ ይመዘን። ሚዛን በገበሬ ቤት አይገኝም፤ በደነባ የእህል ነጋዴዎች መጋዘን ግን አለ፤ በጥር ወር ለአንድ ቀን ለማዋስ ፈቃደኛ የሆነ ነጋዴ ሚዛኑን በአህያ ጭኖ መላክ ይችላል።